ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ

በዘኍልቍ 31 ላይ ብዙዎቻችን ሳንቆም የምናልፈው ሥርዓት አለ። እስራኤላውያን ከምድያም ጋር ተዋግተው፣ ድል አድርገው ይመለሳሉ። ሙሴና ካህኑ አልዓዛር ሊቀበሏቸው ይወጣሉ። ተዋጊዎቹ ግን በዚያው ቀን ወደ ድንኳናቸው አይገቡም። ሰው የገደለ ወይም ሬሳ የነካ ሁሉ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እንዲነጻ፣ ልብሱንም አጥቦ እንዲገባ ታዘዘ (ቁ. 19–24)። ምዕራፉ በሌሎች ምክንያቶች ከባድ ነው፤ እነዚያን ጥያቄዎች ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው። ሥርዓቱም የተሰጠው ስለ መንጻት እንጂ ስለ አእምሮ ጤና አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ እግዚአብሔር ራሱ ባዘዘው ጦርነት የተዋጋ፣ አሸንፎም የመጣ ሰው እንኳ ከውጊያው በቀጥታ ወደ ቤቱ ማዕድ አልተላከም። በመካከል ጊዜ ተሰጠው። ያን ጊዜም ብቻውን አላሳለፈውም፤ አብረውት የተዋጉት አብረውት ተቀመጡ።

ዛሬ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወንድሞችና እኅቶች በየጉባኤያችን፣ አንዳንዶቹም በመጨረሻው ወንበር፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም ሠራዊቶች እንዲህ ያለውን ሰው በተለያየ ዘመን እንዴት እንደ ተቀበሉት ማየቱ የታሪክ ወሬ ብቻ አይሆንብንም።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን ታውቀው ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሳርያው ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ጳጳስ ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው መልእክት፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት ይናገራል። ነገር ግን እጃቸው ደም ነክቷልና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢቆዩ መልካም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይመክራል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች በሄስቲንግስ ድል አድርገው እንግሊዝን ያዙ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው የኖርማንዲ ጳጳሳት ለገዛ ወታደሮቻቸው፣ ያውም ለአሸናፊዎቹ፣ የንስሐ ሥርዓት አወጡ። በትልቁ ውጊያ መግደሉን የሚያውቅ በገደለው ሰው ቍጥር ልክ አንድ አንድ ዓመት፤ አቍስሎ ይሙት ይዳን የማያውቅ ስለ እያንዳንዱ ሰው 40 ቀን። ፍላጻው ማንን እንደ ወጋ ሊያውቅ ለማይችለው ቀስተኛ እንኳ የራሱ ቀን ተቈጠረለት።

እኛ በጸጋ በእምነት ብቻ መጽደቅን የምናምን ሰዎች እንዲህ ያለውን የቀን ቈጠራ አንቀበልም። የክርስቶስ ደም የሚያነጻውን የጾም ቀን አይጨምርበትም። ነገር ግን እነዚያ ጳጳሳት ስለ ቀስተኛው ማሰባቸው ያስደንቀናል። ወታደሩ ሌሊት የሚያወጣው የሚያወርደው ይህንኑ ነበርና፤ “ያ ፍላጻ ማንን አገኘው?” ጥያቄውን ማንም ሳይጠይቀው ቤተ ክርስቲያን ቀድማ ጠየቀችው።

ተሐድሶውም ወታደሩን አልረሳውም። አሳ ፎን ክራም የተባለ የጦር ሰው ሕሊናው እረፍት ቢነሣው ማርቲን ሉተርን ጠየቀው። ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1526 “ወታደሮችስ ሊድኑ ይችላሉን?” የሚል ይዘት ያለው መጽሐፍ ጽፎ መለሰለት። ከመልሱ ይልቅ እኛን የሚነካን ጥያቄው ነው። ሉተር “አንተ ጀግና አይደለህም እንዴ? ይህን ምን ታስባለህ?” አላለውም። ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ጻፈለት።

ከዚህ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት እንዝለል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይና በቤልጅየም ምሽጎች ውስጥ ያለ ወታደር የመድፍ ድብደባ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይወርድበት ነበር። መሸሽ አይችል፣ መልሶ መምታት አይችል፤ ተቀምጦ መጠበቅ ብቻ። ከዚያ የሚወጡ ሰዎች ሰውነታቸው ሳይቈስል ዓይናቸው አላይ፣ አንደበታቸው አልናገር ይላቸው ጀመር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስማቸውን የረሱም ነበሩ። ወታደሮቹ ራሳቸው “ሼል ሾክ”፣ የመድፍ ድንጋጤ፣ ይሉት ነበር። ቻርልስ ማየርስ የተባለ የካምብሪጅ የሥነ ልቡና ምሁር በየካቲት 1915 እ.ኤ.አ. “ላንሴት” በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ሦስት ሕሙማን ሲጽፍ ይህ ስም ወደ ሕክምናው ዓለም ገባ። ጦርነቱ እስኪያበቃ በእንግሊዝ ሠራዊት ብቻ 80,000 ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ተመዘገቡ።

ሠራዊቱ ግን ተቸገረ። ቍስሉ የማይታይ ከሆነ የታመመውን ከፈሪው በምን ይለዩታል? በአንድ ወቅት የተገኘው መፍትሔ ሁለት ፊደል ነበር። ከጠላት መድፍ ፍንዳታ የተነሣ ነው ለተባለው “ቍስለኛ” የሚል ምልክት ይሰጠዋል፤ በልብሱ ላይ የቍስለኛ ምልክት ያደርጋል፤ ጡረታም ይጠብቃል። ፍንዳታ ሳይደርስበት ለወደቀው ደግሞ “ሕመምተኛ” የሚል ምልክት ይሰጠዋል፤ ክብርም የለው። አንድ ዓይነት የሚንቀጠቀጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ጀግና ሌላው አሳፋሪ ይሆናሉ። በ1917 ደግሞ ሠራዊቱ “ሼል ሾክ” የሚለውን ቃል በግንባር መጠቀምን ከለከለ። ስሙ ሲጠፋ ሕመሙም የሚጠፋ መስሏቸው ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ የአንዱን ታሪክ እናንሣ። ሃሪ ፋር ተራ ወታደር ነበር። በ1915 በዚሁ ሕመም አምስት ወር ሆስፒታል ተኛ። እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ለሚስቱ ደብዳቤ የምትጽፍለት ነርስ ነበረች። ወደ ግንባር መለሱት። በመስከረም 1916 በሶም ውጊያ ጊዜ ወደ ፊት መሄድ አልችልም አለ። የጦር ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ጨርሶ ለማየት 20 ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ ጠበቃም አልነበረውም። በጥቅምት 16 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. በገዛ ጓዶቹ ጥይት ተረሸነ። ዕድሜው 25 ነበር። ዓይኑን እንዲሸፍኑት አልፈቀደም። በመጨረሻው ሰዓት አብሮት የነበረው የሠራዊቱ ቄስ ለሚስቱ ሲጽፍ ከእርሱ የተሻለ ወታደር እንዳልነበረ መሰከረላት። መንግሥት ግን የሟች ጡረታ ከለከላት። እርስዋም ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ለዘመድ እንኳ ሳትናገር ብዙ ዓመት ኖረች። ሴት ልጃቸው አባቷ ሲሞት ገና ሕፃን ነበረች፤ እውነቱን የሰማችው ካደገች፣ ትዳር ከያዘች በኋላ ነው። በ2006 የእንግሊዝ ፓርላማ በዚያ ጦርነት በፈሪነት፣ በመክዳትና በመሰል ጥፋቶች ለተረሸኑ 306 ወታደሮች ምሕረት ሲያደርግ ያቺ ልጅ የ93 ዓመት አሮጊት ነበረች። በስታፎርድሺር በሚገኘው የመታሰቢያ ቦታ 306 የእንጨት ምሰሶዎች ተተክለውላቸዋል።

ይህን ስናነብ ባልቴቲቱን እንዳንረሳት። የአእምሮ ቍስል ከወታደሩ ጋር አይቀበርም። ወደ ቤት ይገባል፤ የሚያሳፍር ምስጢር ይሆናል፤ ልጆች ስሙን በማያውቁት ዝምታ ውስጥ ያድጋሉ።

በዚያው ጦርነት ግን ሌላ ዓይነት ሰዎችም ነበሩ። በኤድንብራ አጠገብ በሚገኘው ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ዊልያም ሪቨርስ የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። የአንግሊካን ቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም ኰልታፋ ነበር። አንደበታቸው የተያዘ መኰንኖችን ኰልታፋ ሐኪም ማከሙን ስናስብ ሙሴ ትዝ ይለናል። በዘመኑ አንዳንድ ሐኪሞች ድምፁ የጠፋበትን ወታደር ጉሮሮ በኤሌክትሪክ እየነዘሩ “ካልተናገርህ አትወጣም” ይሉ ነበር። ሪቨርስ ግን ወንበር ስቦ ያዳምጣል።

ሪቨርስ በ1917 መጨረሻ ባቀረበው ንግግር አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። ወደ እርሱ የሚመጡት ሕሙማን ሁሉ ከሐኪምም ከዘመድም የሰሙት ምክር አንድ ነው፦ እርሳው፤ ስለ እርሱ አታስብ፤ ጥሩ ጥሩውን አስብ። ወታደሮቹም ታዝዘው ቀኑን ሙሉ ሲረሱ ይውላሉ። ሲመሽ ግን የተረሳው ሁሉ ይመጣል። ሪቨርስ የሕመሙን ግማሽ ያመጣው ጦርነቱ ሳይሆን ይህ ምክር ነው እስከ ማለት የሚደርስ ሐሳብ ነበረው።

ከሕሙማኑ አንዱ ጓደኛውን ፍለጋ ወጥቶ በመድፍ ተበጣጥሶ ያገኘው መኰንን ነበር። በየሌሊቱ ያ ሬሳ በሕልም ይመጣበታል። ሪቨርስ ምስሉን ለማባረር አልሞከረም። አብሮት ተመለከተው። ሰውነቱ በዚያ ሁኔታ መገኘቱ ጓደኛህ በቅጽበት እንደ ሞተ፣ ምንም እንዳልተሠቃየ ያሳያል አለው። መኰንኑ ስለዚህ ነገር በዚህ መንገድ አስቦ አያውቅም ነበር። ከቀናት በኋላ እንደገና አለመ። ወደዚያው ሜዳ ወጣ፤ ጓደኛውን አገኘው፤ በአጠገቡ ተንበርክኮ ለቤተሰቡ ሊልክለት ትጥቁን ፈታለት። በእንባ ነቃ። ድንጋጤው ኀዘን ሆነ፤ ኀዘን ደግሞ ሰው ሊሸከመው የሚችል ነገር ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። ሪቨርስ ራሱ የሚተርከው ሌላ መኰንን ፍንዳታ አንሥቶ በበሰበሰ ሬሳ ላይ በፊቱ የደፋው ነበር። በዚያ ትውስታ ውስጥ የሚያጽናና አንዳች ፍሬ ነገር ሪቨርስ ሊያገኝለት አልቻለም። ሠራዊቱን ትቶ በገጠር ጸጥ ብሎ እንዲኖር ብቻ መከረው። ለሁሉ ቍስል የሚሆን ቃል በኪሱ እንዳለ ያላስመሰለ ሐኪም በመሆኑ እናከብረዋለን። አንድ ቅሬታም አለን፤ የሆስፒታሉ ሥራ አድኖ ወደ ግንባር መመለስ ነበር። ከዚያ ድነው ከተመለሱት አንዱ ገጣሚው ዊልፍሬድ ኦወን ነው። በወጣትነቱ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የቄስ ረዳት ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በኅዳር 4 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ተገደለ።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። “እርሳው” የሚለውን ምክር እኛም በጥቅስ አስጊጠን እንሰጠዋለን። ፊልጵስዩስ 3፥13ን እናነባለን፤ ጳውሎስ ኋላውን ረስቶ ወደ ፊት እንደ ተዘረጋ እናሳያለን፤ ጸልየን እናሰናብታለን። ነገር ግን ምዕራፉን ከላይ ጀምረን ብናነብ ጳውሎስ በዋናነት ረሳሁት የሚለው የሚመካበትን ነው፤ ዕብራዊነቱን፣ ፈሪሳዊነቱን፣ በሕግ ያለ ነቀፋ መሆኑን። ደምን ስለ ማፍሰሱ ግን ዝም ብሎ አያውቅም። የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ማሳደዱን ለቆሮንቶስ ሰዎች ይጽፋል (1ኛ ቆሮ 15፥9)፤ በእርጅናውም ለጢሞቴዎስ ይነግረዋል (1ኛ ጢሞ 1፥13)። እስጢፋኖስ ሲወገር አጠገብ ቆሞ ልብስ መጠበቁን በኢየሩሳሌም በሕዝብ ፊት ያወሳዋል (ሐዋ 22፥20)። ጸጋ ትዝታውን አልፋቀለትም፤ እንዲናገረው አፉን ከፈተለት። ዳዊትም ቢሆን ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ እግዚአብሔር የነገረውን ለልጁ ለሰሎሞን ሳይደብቅ ነገረው (1ኛ ዜና 22፥8)። ለልጁ! ያቺን የሃሪ ፋርን ልጅ እዚህ ላይ እናስባት።

ከሐኪሞቹ ሌላ የሠራዊቱ ቄሶችም ነበሩ። አንዳንዶቹ ከኋላ መስመር ሆነው ስብከት ብቻ የሚያቀርቡ ነበሩ፤ ወታደሩም አልሰማቸውም። ጄፍሪ ስተደርት ኬኔዲ ግን ወደ ምሽግ ወርዶ ከወታደሩ ጋር የሚያመሽ ቄስ ነበር። በአንድ እጁ አዲስ ኪዳን፣ በሌላው ሲጋራ ያድል ስለ ነበር ወታደሮቹ በሲጋራው ስም ቅጽል አወጡለት። በሲጋራው ነገር አንባቢዎቻችን እንደምትቈጡ እናውቃለን፤ እኛም አናጸድቀውም፤ በተኩስ መካከል ለቍስለኛ ሊደርስ መሮጡን ግን ማንም አይክድለትም። ፊሊፕ ክሌይተን የተባለ ሌላ ቄስ ደግሞ በ1915 መጨረሻ በቤልጅየም ፖፐሪንጌ ከተማ፣ ከግንባሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ቶልቦት ሃውስ የሚባል ቤት ከፈተ። በዚያ ቤት ማዕረግ በር ላይ ይቀራል። ጄኔራሉና ተራው ወታደር እኩል ሻይ ይጠጣሉ። መጻሕፍትና ፒያኖ ነበሩ፤ ጓሮው የአትክልት ቦታ፣ ቈጡ የጸሎት ቤት ነበር። ሻይ ብቻ ጠጥቶ የሚወጣ ሞልቶ ነበር፤ ወደ ቈጡ የሚወጣውም ብዙ ነበር።

ሠራዊቶች ይህን ትምህርት ቶሎ ቶሎ ይረሱታል። በ1943 በሲሲሊ የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን በሆስፒታል ያገኛቸውን ሁለት እንዲህ ያሉ ወታደሮች ፈሪዎች ብሎ በጥፊ መታቸው፤ አለቃው አይዘንሃወር ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዘው። ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ በተመላሾቹ ብርቱ ጩኸት ጭምር፣ በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የተባለውን ሕመም በመመሪያው ውስጥ አስገባ። ያ ስም በዋናነት ስለ ፍርሃት ይናገራል፤ ልገደል ነበር ስለሚል ሰው። ነገር ግን ብዙ ወታደሮች “ልሞት ነበር” ከማለት ይልቅ “ምን አደረግሁ?” ይላሉ። ጆናታን ሼይ የተባለ የቬትናም ተመላሾች ሐኪም ይህን የሕሊና ቍስል ብሎ ጠራው፤ በ2009 ደግሞ ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ በሰፊው ጻፉበት። ባስልዮስ ከ1,600 ዓመት በፊት የጠቈመው ቦታ ላይ ሐኪሞቹ ደረሱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጋቢ ማስተዋል ያስፈልገዋል። የሕሊና ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። ጓደኛው ሞቶ እርሱ በመትረፉ ራሱን የሚወቅስ ሰው አለ፤ እርሱ ኃጢአት አልሠራምና ንስሐ ግባ ብንለው እናቈስለዋለን። በትእዛዝ፣ በውጊያ መካከል የገደለ ሰው አለ፤ “ግዴታህ ነበር” ብንለው ትክክል ብንሆንም አይበቃውም። ሰላማዊ ሰው የገደለ፣ የዘረፈ፣ ሴት የደፈረም አለ። ለዚህ ሰው “ጦርነት ነው፤ እርሳው” ማለት ወንጌል አይደለም። እውነተኛ ኑዛዜ፣ የበደሉትን ሰዎች እውነት መቀበል፣ የሕግ ተጠያቂነትንም አለመሸሽ ያስፈልገዋል። ወታደሮች ዮሐንስ መጥምቁን “እኛስ ምን እናድርግ?” ባሉት ጊዜ በቀጥታ መለሰላቸው (ሉቃ 3፥14)።

በአገራችን ተዋጊውን የምንቀበልበት ወግ ነበረን። ፉከራው፣ ሽለላው፣ “ገዳይ” እየተባለ መወደሱ። ለጀግንነቱ ቃል አልጐደለንም፤ ለእንባው ግን ቃል አላዘጋጀንለትም። የእኛ ዕድሜ ሰዎች ግንቦት 1983 ዓ.ም.ን እናስታውሳለን። ያ ትልቅ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በየመንገዱ ፈሰሱ፤ በባዶ እግር፣ መለዮአቸውን ጥለው፣ ውኃና ቍራሽ እየለመኑ። በኋላ መልሶ የሚያቋቁማቸው ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደየቀያቸው እንዲመለሱ ረድቷል፤ ለብዙዎችም እህልና የእርሻ መነሻ ሰጥቷል። ያዩትን የሚነግሩት ሰው ግን አልነበረም። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በየከተማው አሮጌ ካፖርት ለብሶ ለማይታይ ጦር ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ ልጆች “ሻምበል!” እያሉ ይስቁበት ነበር። ምናልባት እውነትም ሻምበል ነበረ።

በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ደግሞ ሌላ ትውልድ ጨመረልን። በየትኛውም ወገን የተሰለፈ ቢሆን ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ የእኛው ምእመናን ናቸው። እኛ ደግሞ የምናውቀው አቀባበል ምስክርነት ነው። ወንድማችን ወደ መድረክ ይወጣል፤ ጥይት እንደ ዝናብ ሲወርድ ጌታ እንዴት እንደ ጠበቀው ይናገራል፤ እልል ይባላል። እውነት ነው፤ ጌታ ጠብቆታል። ነገር ግን በቀኙና በግራው ስለ ወደቁት በዚያ መድረክ ላይ መናገር አይችልም። እልልታው አፉን ይዘጋዋል። ቤቱ ሲገባ እንቅልፍ የለም፤ ይጠጣል፤ በትንሹ ይቈጣል። ከዚያ ወደ ነጻ ማውጣት አገልግሎት እንወስደዋለን። የክፉ መናፍስትን መኖር አንክድም። ነገር ግን ሌሊት በላብ ተጠምቆ የሚጮኽን ወታደር ሁሉ ጋኔን አለበት ብሎ መጀመር፣ ያን ጊዜ ፈሪ ብለው ከጀመሩት መኰንኖች ጋር ያስተካክለናል።

ስለዚህ መድረኩን እናዘግይለት። አስቀድሞ አንድ ሽማግሌ ቤቱ ሄዶ ቡና ይጠጣ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይሂድ፤ ምንም ሳይጠይቅ። በጉባኤው ውስጥ ያገለገሉ የቀድሞ ወታደሮች ካሉ እርስ በርሳቸው ይገናኙ፤ እኛ የማንሰማውን ይሰማማሉ። መድኃኒት የጀመረውን በእምነት ስም አናስጥለው። ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ያን ሌሊት ብቻውን አይደር፤ መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ፤ ተራው እስኪደርስም አብረነው እንቀመጥ።

ሚስቱንም እንጠይቃት። እርስዋ የምታውቀውን ማንም አያውቅም። ጠዋት ስትቀሰቅሰው ትከሻውን እንደማትነካው ትነግረናለች። በሩ ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ሆና ቀስ ብላ ስሙን ትጠራለች፤ ዓይኑን ገልጦ የት እንዳለ እስኪያውቅ ድረስ።